ለአሜሪካ ዜግነት ኢንተርቪው ሰነድ ሲያዘጋጁ

ለአሜሪካ ዜግነት ኢንተርቪው የተጠራ ሰው በአብዛኛው የሚጨነቀው ስለ ታሪክና ስለ መንግሥት ጥያቄዎች ነው። ጥያቄዎቹ ግን ከነመልሳቸው ታትመው የተቀመጡ ናቸው፤ ያጠና ያልፋል። ጉዳዩን ለወራት የሚያንጠለጥለው ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው። ኦፊሰሩ ፊት ያለው ፋይል የዲቪ ወይም የጥገኝነት ማመልከቻዎን፣ የግሪን ካርድ ፎርምዎን፣ የጣት አሻራ ምርመራዎን ውጤት ይዟል። ኤን-400 በሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ላይ ዛሬ የሞሉት ያኔ ከሞሉት ጋር ይተያያል። የማይገጥም ነገር ካለ ማብራሪያውም ማስረጃውም በእጅዎ መሆን አለበት።

(ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቶቹ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከማመልከትዎ በፊት የድሮውን ፋይል ያንብቡ

እስከ ዛሬ ለኢሚግሬሽን ያስገቡትን ሁሉ ኮፒ አስቀርተው ከሆነ እሰየው። ካላስቀሩ ፎያ በሚባለው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት የራስዎን ፋይል ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ (ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ) ድረ ገጽ መጠየቅ ይችላሉ። መልሱ ጊዜ ስለሚወስድ የቀጠሮው ደብዳቤ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ኤን-400 ከማስገባትዎ በፊት ይጠይቁ።

ፋይሉ ሲመጣ ልጆችን፣ ጋብቻን፣ የልደት ቀንንና የድርጅት አባልነትን የሚመለከቱትን መልሶች ነጥለው ያውጡ። ኤን-400 የሚጠይቀው ከ18 ዓመት በታች ስላሉ ልጆችዎ በሙሉ ነው፤ አገር ቤት ያሉትን፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱትን ጭምር። ዲቪ ሲሞላ ያልተጠቀሰ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ እዚህ ላይ ብቅ ካለ ነገሩ ከዜግነት አልፎ ግሪን ካርዱ ራሱ በአግባቡ ተገኝቷል ወይ ወደሚል ጥያቄ ይሄዳል። በጥገኝነት የገባ ሰው ደግሞ ያኔ «የዚህ ፓርቲ አባል ነበርኩ» ብሎ ጽፎ አሁን «የምንም ድርጅት አባል ሆኜ አላውቅም» ቢል፣ ኦፊሰሩ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው ብሎ ነው የሚጀምረው።

እንዲህ ያለ ልዩነት ካገኙ ፎርሙን አያስገቡ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ዕውቅና ያገኘ ተወካይ ያማክሩ። ፎርም በመሙላት የሚታወቅ ጎረቤት ለዚህ አይሆንም።

ሁሉም ሰው የሚይዘው

የቀጠሮ ደብዳቤው፣ ግሪን ካርዱ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ፣ እንዲሁም ግሪን ካርድ ካገኙ ጀምሮ የያዟቸው ፓስፖርቶች ሁሉ፤ ጊዜያቸው ያለፈባቸውም ጭምር። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ወይም የመመለሻ ፈቃድ አውጥተው ከነበረም ይጨምሩ። ፓስፖርት ከጠፋብዎ ለፖሊስ ያመለከቱበትን ወረቀት ወይም መቼና እንዴት እንደጠፋ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ፈርመው ይያዙ።

ግሪን ካርድዎ ጊዜው ቢያልፍ አይደንግጡ። ከታኅሣሥ 2022 ወዲህ የኤን-400 መቀበያ ደብዳቤ የካርዱን ዕድሜ በ24 ወር ያራዝማል፤ ሁለቱን አብረው ያሳዩ። ካርዱ ከጠፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አይ-90 በሚባለው ፎርም ምትክ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መቀበያው ደብዳቤ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማመልከቻዎ የገባበትን ቀን ያሳያል። ማመልከቻዎ የገባው ኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ አዲሱን ፈተና ነው የሚወስዱት፦ ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ ይጠበቅብዎታል። ከዚያ በፊት ያስገባ በድሮው ከ100 እስከ 10 ተጠይቆ 6 በመለሰበት ይሄዳል። የተሳሳተውን ዝርዝር አጥንተው እንዳይገቡ ቀኑን ይዩ።

በዕድሜ ምክንያት በአማርኛ መፈተን የሚፈቀድላቸው አሉ፦ ሲያመለክቱ 50 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ። እነሱ አስተርጓሚ ይዘው ይሄዳሉ፤ አስተርጓሚውም ሕጋዊ መታወቂያውን ይይዛል።

ስምና የልደት ቀን፦ የእኛ ሰው ዋና ችግር

የአሜሪካ ፎርም የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በዚህ የተነሳ አንዱ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም መጨረሻ ሆኖ፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱ ላይ የአባቱ ስም መጨረሻ ሆኖ ይገኛል። «ገብረ ማርያም» ለሁለት ተከፍሎ «ገብረ» መካከለኛ ስም፣ «ማርያም» ብቻውን የቤተሰብ ስም የሚሆንበት ጊዜም አለ። «ፀሐይ» አንዱ ላይ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚረሳ ስለሆነ ነው ችግር የሚሆነው። ግሪን ካርዱን፣ ፓስፖርቱን፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ የጋብቻና የልደት ወረቀቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ስሙን በየፊደሉ ያወዳድሩ። የተለየውን አጻጻፍ ሁሉ ኤን-400 ላይ «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» በሚለው ቦታ ያስገቡ። ስሙን ለማስተካከል ከፈለጉም ጊዜው አሁን ነው፤ ፎርሙ ላይ የስም ለውጥ ይጠየቃል፣ ለውጡ የሚጸድቀው ግን መሐላው በፍርድ ቤት ሲሆን ነው።

ልጅዎ የእርስዎን የራስ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዝ የእርስዎና የልጅዎ የመጨረሻ ስም አይገጥምም። ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። ይህን የማያውቅ ኦፊሰር ሊገጥምዎ ስለሚችል የአባት ሙሉ ስም ያለበት የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ከፊት ይቀመጥ።

ቀንን በተመለከተ የሚደጋገሙት ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንድ ምሳሌ እንይ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1986 ነው የተወለደው። የመጀመሪያው ስህተት ሰባት ብቻ ደምሮ 1985 ማለት ነው፤ ሰባት የሚደመረው ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ላለው ጊዜ ሲሆን ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ሁለተኛው ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ እንዳለ ተወስዶ ሜይ 12 ተብሎ መጻፉ ነው። አንዳንዱ ሰነድ ላይ ሁለቱም ስህተቶች ተደርበው ይገኛሉ።

በስደት የመጡ ብዙ ሰዎች ደግሞ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ተደርገው ተመዝግበዋል። ቀኑ በእርግጥ የተሳሳተ ከሆነና የልደት ማስረጃ ካለዎት ከመሐላው በፊት ያንሱት። ምለው የዜግነት ሰርተፊኬት ከወጣ በኋላ «የእኔ ልደት ሌላ ነበር» ብሎ ማስለወጥ እጅግ ከባድ ነው። ዕድሜን ለጡረታ ወይም ለሥራ ብሎ ለመቀየር መሞከር ግን ከላይ ያልነውን ዓይነት ቅራኔ በገዛ እጅ መፍጠር ነው።

ትርጉም

በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ ትርጉም ይፈልጋል። ማጠቃለያ አይበቃም፤ የማኅተሙ ጽሑፍ፣ የፊርማው ቦታ፣ የተሰረዘው ሁሉ ይተረጎማል። የማይነበብ ካለ «አይነበብም» ተብሎ ይጻፋል። ተርጓሚው ከግርጌ ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት እንዳለው አረጋግጦ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኖራል። ኖተራይዝ ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ ለእሱ ተብሎ ብዙ ገንዘብ አይክፈሉ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሊተረጉመው ይችላል፤ ለራስዎ ጉዳይ ራስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ ባትተረጉሙት ግን ይመረጣል።

አዳዲሶቹ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ሆኖም እንግሊዝኛው ያልሸፈነው ማኅተም ወይም በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ካለ እሱ ይተርጎም። ተርጓሚው ቀኑን ወደ ፈረንጅ ሲቀይር የኢትዮጵያውን ቀንም እንዳለ ይጻፍ፤ የለወጠውን ብቻ ካስቀመጠ ስህተቱ የት እንደገባ ማወቅ አይቻልም።

ታክስ

የአምስት ዓመት፣ ከአሜሪካዊ ጋር በመጋባት የሚያመለክቱ ከሆነ የሦስት ዓመት የታክስ ትራንስክሪፕት ይያዙ። ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ) በነፃ ይገኛል፤ አካውንት ከፍተው ወዲያው ማውረድ ይችላሉ፣ በፖስታ ካዘዙ ከ5 እስከ 10 ቀን ነው። «ሪተርን ትራንስክሪፕት» የሚባለው የያዝነውን ዓመትና ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት ብቻ ይሸፍናል፤ ለቀሪው «አካውንት ትራንስክሪፕት» ይውሰዱ። ታክስ ሠሪው የሰጠዎት ኮፒ በእርግጥ ለመላኩ ማስረጃ አይሆንም፤ ተሠርቶ ያልተላከ ታክስ አለ።

ያልከፈሉት ዕዳ ካለ ዕዳው ብቻውን በር አይዘጋም። ከአይ.አር.ኤስ ጋር የተስማሙበትን የክፍያ ደብዳቤና በስምምነቱ መሠረት እየከፈሉ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ ያምጡ። ገቢዎ ትንሽ ስለነበር ያላቀረቡበት ዓመት ካለ አለማቅረብዎን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከዚያው መጠየቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚገኘው ትልቅ ወጥመድ የጋብቻ ሁኔታ ነው። አገር ቤት አግብቶ የተመለሰ ሰው ታክሱን «ሲንግል» ብሎ ሲሠራ፣ ኤን-400 ላይ ግን ያገባ ብሎ ይሞላል። ኦፊሰሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ነው የሚያነባቸው። «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለውም እንዲሁ የራሱ መስፈርት አለው። የተሳሳተ ካለ 1040-ኤክስ በሚባለው የታክስ ማስተካከያ ፎርም አስተካክለው ያስገቡበትን ኮፒና የላኩበትን ማስረጃ ይያዙ። ራስዎን ነዋሪ እንዳልሆነ ሰው ቆጥረው በ1040-ኤንአር አቅርበው ከነበረ ደግሞ ከኢንተርቪው በፊት ከጠበቃ ጋር ይነጋገሩበት።

ጉዞ

ባለፉት አምስት ዓመታት ከ24 ሰዓት በላይ ከአሜሪካ የወጡበትን ጉዞ ሁሉ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያድርጉ፦ የወጡበት ቀን፣ የተመለሱበት ቀን፣ የሄዱበት አገር፣ የቀን ብዛት። ቀኑን ከፓስፖርት ማኅተም ይውሰዱ፤ ማኅተሙ የደበዘዘ ከሆነ ከቲኬት ኢሜይል። የወጡበትና የተመለሱበት ቀን ሁለቱም አሜሪካ እንደነበሩ ይቆጠራሉ። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር፣ በሦስት ዓመቱ መንገድ 18 ወር በአካል እዚህ መኖር ይጠበቃል።

ከስድስት ወር በላይ የቆየ አንድ ጉዞ ካለ ኑሮዎ እንደተቋረጠ ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክም የእርስዎ ነው። እናታቸውን ለማስታመም ሄደው ሰባት ወር የቆዩ ሰው የሚይዙት ይህን ይመስላል፦ በእነዚያ ወራት የተከፈለ የቤት ኪራይ ወይም ሞርጌጅ፣ አሠሪው ፈቃድ መስጠቱንና ቦታቸው መጠበቁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች እዚሁ መቆየታቸውን የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የዚያ ዓመት ታክስ፣ በመጨረሻም የሆስፒታሉ ወረቀት ከነትርጉሙ። ብዙ ሰው የሆስፒታሉን ብቻ ይዞ ይመጣል። እሱ የሚያስረዳው ለምን እንደቆዩ ነው፤ ኦፊሰሩ ማወቅ የሚፈልገው ግን ቤትዎ አሜሪካ መሆኑን ነው።

ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ጉዞ የኑሮውን ቀጣይነት ይቆርጠዋል። የመመለሻ ፈቃድ ግሪን ካርዱን እንጂ የዜግነቱን ቆጠራ አያድንም፤ ይህ በተሳሳተ መንገድ ከሚነገሩት ነገሮች ዋናው ነው።

ጥገኝነት ያገኙ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱ ሰዎች ለምን እንደሄዱ፣ የት እንዳረፉ፣ በምን ፓስፖርት እንደተጓዙ መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ከጥገኝነት ማመልከቻው ጋር አስተያይተው ከጠበቃ ጋር ቀድመው ይዘጋጁ።

ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ልጆች

የአሁኑ ጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቀድሞዎቹ ሁሉ ማብቂያ ማስረጃ፤ የፍቺ ውሳኔ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት። ከአሜሪካዊ ጋር በመጋባት በሦስት ዓመት የሚያመለክቱ የትዳር ጓደኛቸውንም የቀድሞ ጋብቻዎች ማብቂያ፣ የዜግነቱን ማስረጃና አብረው መኖራቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይጨምራሉ፦ የጋራ ታክስ፣ የጋራ ባንክ፣ የሁለቱ ስም ያለበት የኪራይ ውል፣ የልጆች የልደት ወረቀት። ባል በጭነት መኪና ሥራ ሌላ ስቴት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ከሆነ ሁለት አድራሻ ስለሚታይ ምክንያቱን የሚያሳይ የሥራ ወረቀት ያስፈልጋል።

በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ ተጋብተው ከዓመታት በኋላ ወሳኝ ኩነት ያስመዘገቡ ሰዎች ሁለት ቀን ያለው ጋብቻ ይኖራቸዋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ዓ.ም (በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻም ጋብቻ ነው። ስለዚህ የሃይማኖቱን ሥርዓት «ሰርግ ብቻ ነበር» ብሎ መዝለል አደጋ አለው፤ ሁለቱን ወረቀት አብረው አቅርበው ያስረዱ። በዚሁ ሕግ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። በሽማግሌ ተፋትቶ በፍርድ ቤት ያላስጸደቀ ሰው እንደገና አግብቶ ከሆነ ወረቀቱን ሲፈልግ ያጣዋል፤ ይህ በኢንተርቪው ቀን ሳይሆን ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነው።

አብረውዎት የማይኖሩ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ የሚረዷቸው መሆኑን ያሳዩ፦ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለ ትዕዛዙና የክፍያው ታሪክ፣ ልጁ አገር ቤት ከሆነ የሐዋላ ደረሰኝ። «ለእህቴ በእጅ እልክ ነበር» ማስረጃ አይሆንም።

ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ምርጫ፣ ምልመላ

ከተያዙ፣ ከተከሰሱ ወይም ከተፈረደብዎ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ወይም ተሰርዞም ቢሆን፣ ፎርሙ ላይ ይገለጻል። የሚያስፈልገው ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የሚወጣ፣ የጉዳዩን መጨረሻ የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ውሳኔ ነው። ከኢንተርኔት የታተመ ገጽ አይተካውም። ቅጣት ወይም ክትትል ከነበረ መፈጸሙን የሚያሳይ ወረቀት ይታከላል። መጠጥ ወይም ዕፅ ያልነበረበት፣ እስርም ያላስከተለ ተራ የትራፊክ ቲኬት በአብዛኛው ሰነድ አይጠየቅበትም።

መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ሳያውቁ ለምርጫ የተመዘገቡ ሰዎች አሉ፤ ስክሪን ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን በቂ የሆነበት ጊዜ አለ። የአካባቢዎን የምርጫ መዝገብ ይፈትሹ። ተመዝግበው ከተገኙ መዝገቡ መሰረዙንና ድምፅ አለመስጠትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ያውጡ፤ ድምፅ ሰጥተው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠበቃ።

ከ18 እስከ 26 ዓመት ባለው ዕድሜ አሜሪካ የኖሩ ወንዶች ለውትድርና ምልመላ መመዝገባቸውን የሚያሳየውን ቁጥር ከሰሌክቲቭ ሰርቪስ ድረ ገጽ ያትሙ። ሳይመዘገቡ 26 ካለፉና 31 ካልሞላቸው ከዚያው መሥሪያ ቤት የሁኔታ መግለጫ ደብዳቤ ወስደው ለምን እንዳልተመዘገቡ ጽፈው ይፈርማሉ።

በነሐሴ 2025 ኢሚግሬሽን ባወጣው መመሪያ ኦፊሰሮች የአመልካቹን በጎ ጎን ጭምር እንዲመዝኑ ታዘዋል። ከአሠሪ፣ ከጎረቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ፣ ከእድር የተጻፈ ሁለት ሦስት ደብዳቤ ክፉ አይደለም። ጸሐፊው ስንት ዓመት እንደሚያውቅዎና በምን እንደሚያውቅዎ በዝርዝር ይጻፍ። «ጥሩ ሰው ነው» የሚል አንድ መስመር ቦታ ከመያዝ አያልፍም።

ፎልደሩ

ሰነዶቹን በኤን-400 ቅደም ተከተል ያድርጓቸው፤ ኦፊሰሩ ፎርሙን ከላይ ወደ ታች እየጠየቀ ስለሚሄድ የሚፈለገው ወረቀት በተራው ይመጣል። ለእያንዳንዱ ኦሪጅናሉና አንድ ኮፒ፤ ትርጉሙ ከኦሪጅናሉ ኮፒ ጋር ይያያዝ። ስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታተም። ያልተጠየቁትን አይስጡ፤ በሰጡት ወረቀት ሁሉ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል።

ከላይ አንድ ገጽ ይቀመጥ፦ ካመለከቱ ወዲህ የተለወጠው። አዲስ አድራሻ፣ አዲስ ሥራ፣ የተወለደ ልጅ፣ የተደረገ ጉዞ፣ የመጣ ቲኬት፣ እያንዳንዱ ከነቀኑ። ኦፊሰሩ ፎርሙን ሲያስተካክል ከዚያ እያዩ ይመልሳሉ። አድራሻ ሲቀይሩም በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ካላሳወቁ የቀጠሮው ደብዳቤ የድሮው ቤት ይሄዳል።

ከኢንተርቪው በኋላ

ሲጨርሱ ኤን-652 የሚባል ወረቀት ይሰጥዎታል። ፈተናውን ማለፍዎን ብቻ የሚናገርና ውሳኔው ገና መሆኑን የሚገልጽ ከሆነ አልተከለከሉም። ተጨማሪ ሰነድ ከተፈለገ ኤን-14 ይመጣል፤ የተጠየቁትን ሁሉ በአንድ ላይ፣ የጥያቄውን ደብዳቤ ከላይ አድርገው፣ ከተጻፈው ቀን በፊት ክትትል ባለው ፖስታ ይላኩ። ግማሹን ልከው «ቀሪው ይመጣል» ማለት አይሠራም፤ ባለው ይወሰናል። ፈተናውን የወደቀ ሰው በወደቀበት ክፍል ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ይጠራል።

ለመሐላው የሚመጣው ኤን-445 ከኢንተርቪው ወዲህ ስለሆነው ነገር፣ ስለ ጉዞም ጭምር፣ ይጠይቃል፤ በዕለቱ ሞልተው ከግሪን ካርዱ ጋር ያስረክባሉ። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን አይጣሉት፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሲጠይቁ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ የሚያሳየው እሱ ነው።